ነስሪን የከፈተችው ብሎን

ሻዩን የምታዞረው ጥፋተኛዋ ራሷ፣ ነስሪን፣ ነበረች። በዚያ ሳሎን ከተቀመጡት መሃል ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ ከቆሙት ግን አንድ ነበር፤ በሩ ሥር ኮፍያውን እያጨማደደ የቆመው በኪር።

ሳሎኑ የሙምታዝ ቤይ ነው፤ በዚያ አገር ቤይ እንደ አቶ፣ ሃኒም እንደ እመቤት መሆኑ ነው። ሙምታዝ ቤይ ዕድሜያቸውን በዳኝነት ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ የሚዳኙት ሰው ስላጡ የሕንጻው አስተዳዳሪ ሆነው ተመረጡ፤ ከዚያ ወዲህ ልጆች ደረጃ ላይ የሚሮጡበት፣ ምንጣፍ ከበረንዳ የሚራገፍበት ሰዓት ሁሉ በሕግ ሆኗል። ነስሪን አንድ ልጃቸው ናት። ያን ዕለት ነዋሪው ካፖርቱን ሳያወልቅ እሳቸው ቤት የተሰበሰበው በጥር አጋማሽ፣ አንካራ በበረዶ ታፍና ሳለ፣ ምድር ቤት ያለው፣ ሕንጻውን በሙቅ ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ተሰንጥቆ ሕንጻው እንዳለ ስለቀዘቀዘ ነው። ሰው ሲናገር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል።

«እኔ ትናንት ከነካፖርቴ ነው የተኛሁት» አለች የሁለተኛ ፎቋ ሙዘየን ሃኒም፣ ብርጭቆውን ለመጠጣት ሳይሆን ጣቷን ለማሞቅ ጨብጣ። «ነፍሱን ይማረውና፣ ባሌ እንኳ በኖርነው ዘመን ሁሉ እንደዚህ ካፖርት አላሞቀኝም።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሙምታዝ ቤይ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሳቁ ቆመ።

«ረጀብ ኤፈንዲ፣ ወደዚህ ቀረብ በል።»

ረጀብ ኤፈንዲ የሕንጻው ዘበኛ፣ የበኪር አባት ናቸው። በዚያ ሰፈር ዘበኛ ማለት ጠዋት በየበሩ ዳቦና ጋዜጣ የሚያደርስ፣ ደረጃ የሚያጥብ፣ ከሁሉም በላይ ግን የብርዱን ወራት በሙሉ ቦይለሩን ከሰል የሚያጎርስ ሰው ነው። ከሚስታቸው ከዶኔና ከልጃቸው ጋር የሚኖሩትም እዚያው ምድር ቤት፣ ከቦይለሩ ጎን ባለች አንዲት ክፍል ነው። ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ስለገቡ፣ የቀኝ ካልሲያቸውን ቀዳዳ በግራ እግራቸው ለመሸፈን እየሞከሩ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆሙ። ነስሪን ለእሳቸውም ሻይ ሰጠቻቸው። «እጅዎ ይባረክ፣ ነስሪን ሃኒም» አሏት።

«ጥያቄዬ አጭር ነው» አሉ ሙምታዝ ቤይ። «እሁድ ዕለት ውሃ ነበረ ወይስ አልነበረም?»

«ጠዋት ነበረ ጌታዬ። መልእክተኛውን ከፍቼ አይቻለሁ።» ትንሽ አሰቡና ድምፃቸው ወረደ። «አይቻለሁ መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

መልእክተኛው የሚሉት ከጣሪያው ሥር ካለው ታንከር እስከ ምድር ቤት የወረደውን ቀጭን ቧንቧ ነው። ጫፉ ሲከፈት ውሃ ከወረደ ሕንጻው ከላይ እስከ ታች ሞልቷል ማለት ነው፤ ካልወረደ ውሃ ሳይጨመር እሳት አይነካም። ረጀብ ኤፈንዲ ጠዋት ጠዋት ሚስታቸውን «እንዴት አደርሽ» ከማለታቸው በፊት መልእክተኛውን የሚከፍቱ ሰው ነበሩ። እሁድ ከሰዓት ግን ከላይ ያለው ሰው ሁሉ «በረደን!» እያለ ቧንቧውን በማንኪያ ሲደበድብባቸው ከሰል በከሰል ላይ ጨመሩ፤ ውሃው ከላይ ጎድሎ መዞሩን አቁሞ ነበርና፣ ታች የቀረው ብቻውን እየፈላ ይደርቅ ጀመር። ብረቱ ግሎ መንቋቋት ሲጀምር ደነገጡ፤ በድንጋጤም ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቁበት። የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እጃቸው ግን ቀደማቸው።

ያላወቁት፣ ጠዋት የነበረው ውሃ የት እንደገባ ነው። እሱን የምታውቀው ነስሪን ናት።

ነገሩ የተጀመረው መታጠቢያ ቤት ነው። ሌሎች ፍቅረኞች የጽጌረዳ ጥላ ሥር ይገናኛሉ፤ ለእነዚህ የደረሳቸው ሳሙና ሳሙና የሚሸት ጠባብ ክፍልና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ የቦይለሩ ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ማሞቂያ ብረት፣ ራዲያተር ነው። ኅዳር ላይ እሳቱ ሲለኮስ በላይኛው ፎቅ ብረቶች ውስጥ አየር ይታፈናል፤ አየር የያዘ ብረት ደግሞ አይሞቅም። በኪር ትንሿን መክፈቻ ይዞ ወጣና የአየር ማስወጫዋን ብሎን አላላት።

«ጆሮዎን ያስጠጉ፣ ነስሪን ሃኒም። ውሃው ሲመጣ ይሰማል።»

ጆሮዋን አስጠጋች። እሱም በሌላው ጫፍ አስጠጋ። ውሃው ከታች ተነስቶ ቧንቧውን እየወጣ ብሎኗ ጋ ደርሶ ጠብ እስኪል ድረስ ፊት ለፊት ሲተያዩ ቆዩ። በቃ፣ ይኸው ነው። የሕግ ተማሪዋ፣ የዳኛው ልጅ፣ በዘበኛው ልጅ ፍቅር ወደቀች።

ከዚያ ወዲህ የእነነስሪን ቤት፣ አምስተኛ ፎቅ፣ አየር በአየር ሆነ። ነስሪን እንደ በኪር ያለ መክፈቻ ከሱቅ ገዛች፤ ማንም ሳያያት ብሎኗን ታላላለች፣ ውሃው ወለሉ ላይ ባለው ማፍሰሻ ይሄዳል፣ ብረቱ ይበርዳል። «እማዬ፣ መታጠቢያ ቤቱ ቀዘቀዘ፤ በኪርን ጥሪልኝ።» በኪር ይመጣል። በሩ ለወግ ያህል ገርበብ ብሎ፣ እናቷ ፔሪሃን ሃኒም ሳሎን ሹራብ እየሠሩ፣ ሁለቱ በሹክሹክታ ያወራሉ። ሲሄድ ታች ወርዶ የጎደለውን ውሃ ይሞላል። ማንን ጎዳን ይሉ ነበር።

እሁድ ግን ብሎኗን አላልታ ገና «እማዬ» ሳትል አክስቷ ታክሲ ይዛ መጣችና፣ የዘመድ ቀለበት አለ ብላ ቤተሰቡን አጣድፋ ወሰደች። ነስሪን ብሎኗ ትዝ ያለቻት በሰው ቤት፣ የቀረበላትን ቸኮሌት ከወረቀቱ ስትፈታ ነው። ልመለስ ብትል ምን ብላ? ምንም አይሆንም አለችና ቸኮሌቱን በላችው። አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ደረጃው በእንፋሎት ታፍኗል፣ ምድር ቤት ጩኸት ነው። ሮጣ መታጠቢያ ቤት ገባች። ብሎኗ ጥብቅ ተደርጋ ተዘግታለች። ሰው በሌለበት የሚገቡበት ትርፍ ቁልፍ ያላቸው ረጀብ ኤፈንዲና ልጃቸው ብቻ ናቸው። በኪር አይቷል፣ ዘግቷል፣ ለማንም አልተነፈሰም።

አሁን እዚህ ሳሎን ውስጥ፣ አባቱ «መሰለኝ» የምትለዋን ቃል ደግመው ሊሏት ሲሉ፣ በኪር አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው። አባቴ ውሃውን እይ ብሎኝ ነበር። ኳስ በሬዲዮ እያዳመጥኩ ዘነጋሁት።»

ረጀብ ኤፈንዲ ዞረው ልጃቸውን ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁ ይመስል አዩት።

«ኳስ!» አለች ሙዘየን ሃኒም። «እኛ እዚህ በብርድ ስንደርቅ ልጁ ጎል ይቆጥራል!»

«ልጅ ቢዘነጋም ተጠያቂው አባት ነው» አሉ ሙምታዝ ቤይ። «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ክፍሏን ትለቃላችሁ። የሚቃወም አለ?»

በኪር ቀና ብሎ ነስሪንን አያት። ዝም በይ የሚል ዓይን ነበር። ነስሪን ሰበብ ትፈልግ ከነበረ ይኸው አገኘች፤ ዓይኗን ሰብራ ባዶ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። አባትና ልጅ ጫማቸውን ሲያደርጉ ድምፁ ከኮሪደሩ ይሰማል። ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላ ብርጭቆዎቹን ስታጥብ፣ ውሃው እንደ በረዶ ሆኖ ጣቷን ሲቆረጥመው፣ ይበለኝ አለች።

*

በማግስቱ ጠዋት በኪር ዳቦ ሊያደርስ ሲወጣ ደረጃው ላይ ጠበቀችው።

«ለምን አደረግከው?» አለችው። «ማን ዋሽልኝ አለህ?»

«ቀስ በይ፣ የሙዘየን ሃኒም በር ቅርብ ነው፤ ጆሮዋ ከእኛ ቀድሞ ነው የሚነሳው።» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «እኔ ምን እሆናለሁ ነስሪን? በጸደይ ወታደር ቤት መግባቴ አይቀርም። አንቺ ግን ብትናገሪ ለምን ከፈትሽው ይሉሻል። ምን ትያለሽ? ከዘበኛው ልጅ ጋር መታጠቢያ ቤት ውስጥ... እያሉ ቤት ለቤት ሲያመላልሱሽ ቆሜ ልይ?»

«አባትህስ?»

በኪር የዳቦውን ዘንቢል ደረጃው ላይ አስቀመጠው።

«አባቴ አላመነኝም። እሱን ለመሸፈን የዋሸሁ ነው የመሰለው። ትናንት አለቀሰ። ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፤ አላውቅም ነበር።» ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «ደረቁን ቧንቧ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ደግሞ ይከፍታል። እናቴን 'ዶኔ፣ ያየሁት ውሃ የቅዳሜው ይሆን እንዴ?' ይላታል። 'አእምሮዬ እየከዳኝ ነው፤ አባቴንም እንዲህ ነው የጀመረው' ይላል። ቤት እንፈልጋለን፣ ሥራ እንፈልጋለን። ይሄን ግን ከየት አምጥቼ ልመልስለት?»

ነስሪን ክው አለች። እስካሁን የሠራችው ጥፋት አንድ ብረት የሰነጠቀ፣ አንድ ቤተሰብ የሚያስለቅቅ መስሏት ነበር፤ እሱም አላስተኛትም። አሁን የሰማችው ግን ሌላ ነው። የአንድን ሽማግሌ ዓይን ከራሱ ጋር አጣልታዋለች።

«ለአባትህ ልነግራቸው ነው» አለች።

«ነስሪን፣ እንዳታደርጊው።»

«አንተ ስትዋሽልኝ ፈቃዴን ጠይቀኸኛል?»

ዘንቢሉን ተሻግራ ወረደች።

*

ረጀብ ኤፈንዲ ቀዝቃዛው ቦይለር ፊት ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠዋል። ሲያይዋት ብድግ አሉ።

«እንዴ ነስሪን ሃኒም! እዚህ ጥላሸት ውስጥ ምን ሊያደርጉ መጡ? ካፖርትዎ ይበላሻል።»

«ይቀመጡልኝ፣ አጎቴ ረጀብ።»

አጎቴ ብላ ስትጠራቸው ግራ ተጋብተው ተቀመጡ። ነስሪን ሌሊቱን ሙሉ ያቀናበረችው ንግግር ነበራት፤ «በመጀመሪያ ደረጃ» የሚልም ነበረበት። አንዱም አልመጣላትም።

«ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። የመታጠቢያ ቤታችንን ብሎን ከፍቼ ሳልዘጋ ወጣሁ። ከሰዓቱን ሙሉ ሲፈስ ዋለ።»

ረጀብ ኤፈንዲ የጥፋቱን ነገር የሰሙት አይመስሉም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ጠዋት ነበረ ማለት ነው?»

«ነበረ።»

«ከመልእክተኛው ሲወርድ ያየሁት... የእሁዱ ነው? አይቼዋለሁ?»

«አይተውታል አጎቴ። በደንብ አይተውታል። እርስዎ ምንም አልረሱም።»

ፊታቸውን በጥላሸታም እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ድንገት «ዶኔ! ዶኔ!» ብለው ጮኹ፤ ሚስታቸው ማማሰያ ይዘው ሲሮጡ መጡ። «ነበረ! ውሃው ነበረ! አይቼዋለሁ ብዬሽ አልነበረም? ነበረ!»

ነስሪን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ለስድብ ተዘጋጅታ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ደስታ ግን አልተዘጋጀችም።

ረጀብ ኤፈንዲ ዓይናቸውን ጠርገው ሲረጋጉ ትክ ብለው አዩዋት። አሁን «እርስዎ»ው ቀረ።

«ለምን ከፈትሽው?»

«በኪር እንዲመጣ።»

ዶኔ ማማሰያውን ደረታቸው ላይ አጣበቁት። ረጀብ ኤፈንዲ የእጃቸውን ጥላሸት ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

«ልጄ በሰው ፊት ኮፍያውን ይዞ ሲዋሽ አንቺ የት ነበርሽ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«ምን ታደርጊ ነበር?»

«ሻይ አዞር ነበር።»

«አዎ» አሉ ሽማግሌው። «ለእኔም ሰጠሽኝ። እጅዎ ይባረክ አልኩሽ።»

በቁጣ አላሉትም፤ እንደ አንድ ተራ ነገር ነው ያሉት። ነስሪን እስካሁን የታገለችው እንባ ያን ጊዜ ወረደ።

«በይ አታልቅሺ» አሉ ቀጥለው። «ሰምቻለሁ፤ ለእኔ በቃኝ። ይሄ ነገር እዚሁ ይቅር። የሴት ልጅ ስም እንደ ብረት አይበየድም።»

«የት ነው የሚቀረው?» አሉ ዶኔ፤ ማማሰያው ተነሳ። «በረዶ ላይ? የእሷ ስም ስም ከሆነ ያንተ ምንድን ነው? የከሰል ጆንያ? ትናገር! እግሯ እዚህ ካወረዳት ወደ ላይም ያወጣታል!»

እውነታቸውን ነበር። ነስሪን ፊቷን ሳትጠርግ ደረጃውን ተያያዘችው።

*

ሳሎን ውስጥ አባቷና እናቷ በኤሌክትሪክ ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሙዘየን ሃኒምም ሙቀት ፍለጋ መጥታ መሃላቸው ተሰይማለች። ነስሪን ሙዘየን ሃኒም እስክትሄድ ልጠብቅ ብላ አሰበች። ከዚያ እነረጀብ ኤፈንዲ የተዋረዱት በማን ፊት እንደሆነ ትዝ አላትና፣ በሩን እንደያዘች ሁሉንም ተናገረች። መክፈቻውን፣ ብሎኗን፣ ቸኮሌቱን ሳይቀር።

«ወይ ጉዴ!» አሉ ፔሪሃን ሃኒም። «የዘበኛ ልጅ! እኔ እዚህ ሹራብ እየሠራሁ!»

ሙዘየን ሃኒም ምድጃውን ትታ ወንበሯን ወደ በሩ አዞረች።

ሙምታዝ ቤይ መነጽራቸውን አወለቁ። «ትናንት ስፈርድ እዚህ ነበርሽ?»

«ነበርኩ፣ አባባ።»

«የሕግ ተማሪ ነሽ። በሐሰት እንደፈረድኩ እያየሽ ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

«ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ። ግን ዝም ያልኩት ስለምወደው አይደለም። ፈርቼ ነው።»

አባቷ ካፖርታቸውን ቆልፈው ወጡ። ሴቶቹ እስከ ደረጃው ጫፍ ተከተሏቸው። ሙምታዝ ቤይ ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ በዚያ ሕንጻ ታይቶ አይታወቅም። ከታች ድምፃቸው በደረጃው ውስጥ አስተጋባ፤ «ረጀብ ኤፈንዲ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።» ሽማግሌው ምን እንደመለሱ አልተሰማም። ከዚያ በሩ ተዘጋና ሁለቱ ሰዎች ብዙ ቆዩ።

ነስሪን የደረጃውን ብረት ይዛ ጠበቀች። ልቤ ይቀለኛል ብላ ነበር። ትንሽም ቀለላት።

*

ከሰዓት በኋላ፣ በረዶው እንደገና መጣል ሲጀምር፣ በኪርን መግቢያው በር ላይ አገኘችው። ሻንጣ ይዟል።

«ወዴት ነው?»

«ቻንክሪ፣ አጎቴ ጋ። ወታደር ቤት እስክጠራ እዚያ እቆያለሁ።»

«አባባ ማረ እኮ! ትቆያላችሁ ብሏል!»

«እነሱ ይቆያሉ። እኔ አይደለሁም።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አባትሽ ክፉ ሰው አይደሉም። ይቅርታ ጠየቁ፣ አባቴን አቀፉ፣ ከዚያ 'ልጁ ግን በዚህ ሕንጻ አይታየኝ' አሉ። አባቴ እሺ ሊል አልፈለገም። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ነስሪን የበሩን መዝጊያ ተደገፈች። ጥፋቷን ይዛ ወርዳ፣ ጥፋቷን ይዛ ወጥታ፣ በመጨረሻ ዕዳውን አሁንም የከፈለው እሱ ነው።

«እኔም እመጣለሁ» አለች። «አሁኑኑ። እንዳለሁ።»

«አትመጪም።»

«ጠላኸኝ?»

በኪር ሻንጣውን አስቀመጠ። ኮፍያዋን አስተካከለላትና እጁን ቶሎ መለሰ፤ ሰው እንዳያይ ሳይሆን፣ ካቆየው እንደማይመለስ ፈርቶ።

«አልጠላሁሽም። ብጠላሽ ቀላል ነበር። ግን አሁን አንቺን ሳይሽ አባቴ ደረቁን ቧንቧ ሲከፍትና ሲዘጋ ይታየኛል። ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ ብሎኗ በራሷ እንደማትላላ መቼ ጠፋኝ? አውቄ ነው ስመጣ የነበረው። ስለዚህ ራሴንም ስመለከት ያው ነው የሚታየኝ።» እንፋሎቱ ከንፈሩ ላይ ቆመ። «አንቺን ሳይ አንቺ ብቻ እስክትታዪኝ ድረስ ትጠብቂኛለሽ?»

«እጠብቅሃለሁ።»

«ዕድሜ ቢወስድስ?»

«ይውሰድ።»

ሻንጣውን አንስቶ ወደ በረዶው ወጣ። ነስሪን አልተከተለችውም፤ አልጠራችውምም። ቢረግማት፣ ቢሰድባት፣ ፊቷን ሳያይ ቢሄድ እንደሚገባት ወስዳ ትችለው ነበር። እሱ ግን ጠብቂኝ አላት። ያ ደግነት የሚገባት እንዳልሆነ እያወቀች፣ ያንኑ ቃሉን ብቻ ታቅፋ በዚያ ብርድ ቆመች።